«ጠጣር እጢ ታይቷል» ተብሎ ተጻፈልን፤ አዲሶቹ የአልትራሳውንድ ዘዴዎች ከዚህ በላይ ምን ይነግሩናል?

የአዘዞዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም የመድረኩ ታዳሚዎች። ከቤተሰባችን ሁለት ሰው በአንድ ወር ውስጥ አልትራሳውንድ ታይቶ የተሰጠን ውጤት ግራ ስላጋባን ነው የምጽፈው። የ28 ዓመት እህቴ ቀኝ ጡቷ ላይ እብጠት ዳስሳ አግኝታ እዚሁ ጎንደር ከተማ አንድ ክሊኒክ ታየች። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «በቀኝ ጡት ጠጣር እጢ ታይቷል፤ ክትትል ያስፈልጋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። መጠኑ አልተጻፈም፤ ጡቷ ላይ የት ቦታ እንደሆነ አልተጻፈም፤ ክትትሉም መቼ እንደሆነ አልተነገራትም። ከጭልጋ የመጡት አክስቴ ደግሞ ጉበትዎ ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አለ ተብለው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። አባቴ በሬ ሸጠንም ቢሆን አዲስ አበባ ወስደን ኤም አር አይ እናስነሣ ይላል። የእብጠትን ጥንካሬ የሚለካ አልትራሳውንድ አለ፣ በደም ሥር አረፋ ተሰጥቶ የሚታይም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት እነዚህ ካንሰርን ከሌላው ይለያሉ? ወይስ ዞሮ ዞሮ ናሙና የሚወስደው መርፌ አይቀርም? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

እህቴ፣ አስቀድመሽ እናትሽን አረጋጊልኝ። በዚህ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ጡት ላይ ከሚገኙት ጠጣር እብጠቶች አብዛኞቹ ፋይብሮአዴኖማ የሚባሉ፣ ካንሰር ያልሆኑ ናቸው። ይህን የምልሽ ተዘናጉ ለማለት አይደለም፤ በሬው ገና አይሸጥ ለማለት ነው።

ስለ አዲሶቹ ዘዴዎች ከመናገሬ በፊት ግን ስለዚያ ወረቀት ልናገር፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ተራው ጥቁርና ነጭ አልትራሳውንድ ብቻውን እንኳ ስለ ጡት እብጠት ብዙ ይናገራል። ቅርጹ ሞላላ ነው ወይስ የተዛባ? ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል ወይስ እየሾለ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ይገባል? ከቆዳው ጋር ትይዩ ተጋድሟል ወይስ ከወርዱ ቁመቱ በልጦ ወደ ውስጥ ቆሟል? ከኋላው ጥላ ጥሏል? በብብት ያሉት ንፍፊቶችስ እንዴት ናቸው? ሞላላ፣ ጠርዙ የጠራና የተጋደመ እብጠት የሚያረጋጋ ነው። የሾለ ጠርዝ ያለውና የቆመ እብጠት ሲታይ ግን ቀጠሮ ሳይራዘም ናሙና ይወሰዳል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ባይራድስ በሚባለው መለኪያ ቁጥር ይሰጠዋል። 3 ከተባለ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከመቶ 2 አይበልጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ተመልሶ ይታያል። 4 ከተባለ ናሙና ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ራሱ ሰፊ በመሆኑ ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባለ ይከፈላል፤ ዕድሉም ከመቶ 2 ጀምሮ እስከ 95 ይደርሳል። 5 ከ95 በላይ ነው። ስለዚህ «ክትትል ያስፈልጋል» የሚለው ቃል ቁጥሩ ካልተጻፈበት በእጃችሁ ምንም የለም ማለት ነው። ወደዚያው ክሊኒክ ተመልሳችሁ፣ በትሕትና፣ ሙሉ ሪፖርት እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ምስሎቹንም ተቀበሉ። መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በተራው ምስል ላይ የሚጨመሩት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ዶፕለር የደም ፍሰትን ያሳያል፤ ዛሬ ዛሬ ያለ ምንም መርፌ በጣም ቀጭንና ዝግተኛ ፍሰትን የሚያነቡ አሠራሮችም መጥተዋል። ኤላስቶግራፊ የሥጋን ጥንካሬ ይለካል። ሦስተኛው የአረፋ ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የሚሰጥ አረፋ ነው፤ እሱን ስለ አክስትሽ ጉበት ሳነሣ እመለስበታለሁ። ሦስቱም የሚጠቅሙት ለአንድ ነገር ነው፦ የትኛው እብጠት መርፌ እንደሚገባው፣ የትኛው በትዕግሥት ሊጠበቅ እንደሚችል ለመለየት። የካንሰርን ስም የሚሰጥ ግን አንዳቸውም የሉም።

የአዘዞዋ

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ኤላስቶግራፊ ጠንካራ ነው ካለ ካንሰር ነው፣ ለስላሳ ነው ካለ አይደለም ማለት ነው?

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

አይደለም። ይህን ሰዎች ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሐኪም ጡትን፣ ጉበትን፣ አንገትን በጣቱ ሲዳስስ የሚፈልገው ጥንካሬን ነው፤ አደገኛ እጢ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። ኤላስቶግራፊ ያንን ዳሰሳ ወደ ምስል ይለውጠዋል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ስትሬይን ይባላል፤ መርማሪው በመመርመሪያው ራስ ቆዳውን በቀስታ ጫን ለቀቅ ያደርጋል፤ ማሽኑ የትኛው ክፍል እንደተጨመቀ፣ የትኛው እንዳልተጨመቀ አነጻጽሮ በቀለም ያሳያል። ሌላው ሺር ዌቭ ነው። እዚህ የሚገፋው እጅ ሳይሆን ራሱ ድምፁ ነው፤ ማሽኑ ጠንከር ያለ ድምፅ ልኮ ሥጋውን ውስጥ ለውስጥ ሲነቀንቀው ወደ ጎን የሚሮጥ ሞገድ ይነሣል። ተራው የአልትራሳውንድ ድምፅ በሰውነታችን ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ የጎን ሞገድ ግን በሰከንድ ጥቂት ሜትሮችን ብቻ ነው የሚሄደው። ሥጋው በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል። ከፍጥነቱ ተሰልቶ ጥንካሬው በኪሎፓስካል ይወጣል። ለጡት በሰፊው የሚጠቀሰው ወሰን 80 ኪሎፓስካል ነው።

ታዲያ የት ይስታል? ኖራ የያዘ የቆየ ፋይብሮአዴኖማ ይጠነክራል፤ ካንሰር ግን አይደለም። የቀዶ ጥገና ጠባሳም እንዲሁ። በእኛ አገር ደግሞ የጡት ቲቢ አለ፤ ጠንክሮ፣ ተዛብቶ፣ ቁርጥ ካንሰር መስሎ ይታያል። በተቃራኒው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጩ አንዳንድ የጡት ካንሰሮች፣ ውስጣቸው የበሰበሱ እጢዎችም፣ ለስላሳ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ላይ የእጅ ጉዳይ አለ። መርማሪው በመመርመሪያው ራስ አጥብቆ ከተጫነ ከላይ ያለው ሥጋ ሁሉ ይጠነክራል፤ ቁጥሩም ሐሰት ይሆናል። አጥብቆ መጫን ዶፕለርንም ያበላሻል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ተጨፍልቀው ፍሰት የሌለ ይመስላል። ጥሩ መርማሪ ሲሠራ አይተሽ ከሆነ ጄሉን በብዛት አፍስሶ የመመርመሪያውን ራስ ከቆዳው ላይ ያንሳፍፈዋል እንጂ አይደገፍበትም።

ስለዚህ ጥንካሬ የሚጠቅመው በመሐል ላይ ላሉት ነው። በተራው ምስል ዝቅተኛ ጥርጣሬ ያለው እብጠት ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ ልብ ያሳርፋል። በተራው ምስል ጠርዙ የሾለ ከሆነ ግን ምንም ለስላሳ ቢሆን መርፌው አይቀርም።

ጤና መኮንን ከቆላ ድባ

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ከገጠር በኩል ልጨምር። የጤና መኮንን ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው እዚሁ ጎንደር ነው፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ይህን የማነሣው እንዲያው ለታሪክ አይደለም። ያኔም ዛሬም የእኛ ሥራ በበሽተኛውና በትልቁ ሆስፒታል መካከል ቆሞ ማን ዛሬውኑ ይሂድ፣ ማን ይቆይ ብሎ መለየት ነው። ለዚህ ሥራ አልትራሳውንድን የሚያህል መሣሪያ የለም። ጨረር የለውም፤ በቦርሳ ይያዛል፤ አሁንማ ከስልክ ጋር የሚገጠሙም መጥተዋል።

እኛ ጋ የሚመጣው እብጠት ሁሉ እጢ አይደለም። የአንገት ንፍፊት ይዞ የሚመጣ ወጣት ስናይ አስቀድመን የምናስበው ቲቢን ነው፤ በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ የሚከሠት ቲቢ ብዙ ነው፣ ከዚያም ውስጥ የንፍፊቱ ይበዛል። ከጣና ዳር፣ ከጎርጎራ በኩል የሚመጣው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጣፊያው አድጎ ሲታይ ቢልሃርዚያ የጉበቱን ሥሮች ዙሪያ አጠባስሶት ሊሆን ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ነጫጭ ወፋፍራም መስመሮች ሆኖ ይታያል። ከመተማና ከአርማጭሆ የቀን ሥራ የሚመለሰው ልጅ ጣፊያው እምብርቱ ጋ ደርሶ ሲገኝ ካላዛርን፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን በሽታ፣ እንጠረጥራለን። ይህ ሁሉ «ሆዱ ውስጥ እጢ አለ» እየተባለ ነው ከቤቱ የሚመጣው።

ዶክተርን የምጠይቀው፦ የቲቢን ንፍፊት ከሊምፎማ (ከራሱ ከንፍፊቱ ካንሰር) ወይም ከሌላ ቦታ ከተዛመተ ካንሰር በምስል መለየት ይቻላል?

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

በከፊል። ጤነኛ ንፍፊት ሞላላ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ የስብ እምብርት አለው፤ ደሙም በዚያ በኩል ይገባል። ካንሰር ሲገባበት ይከብባል፣ እምብርቱ ይጠፋል፣ ደሙ ከጠርዝ በኩል መምጣት ይጀምራል። ሊምፎማ ጠቆር ብሎ ያብጣል፤ በአመዛኙ ግን የደም እምብርቱን አይለቅም። ቲቢ ንፍፊቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ መሐላቸው ይሟሟል፤ በዙሪያቸው ያለው ሥጋም ያብጣል። መሐሉ የሞተ ንፍፊት በዶፕለር ሲታይ እዚያ ምንም ፍሰት የለም።

ነገር ግን ሦስቱም የሌላውን መልክ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ለጤና መኮንኑ የምመክረው፦ ምስሉ የሚጠቅምህ ናሙናው ከየት ይወሰድ የሚለውን ለመምረጥ ነው። ከተጣበቁት ውስጥ አንዱን፣ ሟሙቶ መግል የያዘውን ክፍል፣ መርፌው ሲገባ በዓይንህ እያየህ። የተቀዳው በጂንኤክስፐርትም (የቲቢን ዘረመል በሚፈልገው ማሽን) በማይክሮስኮፕም ይታይ።

ማይክሮስኮፕ (የፓቶሎጂ ባለሙያ)

በመጨረሻ ወደ መርፌው ነገር ተደረሰ። ከዚህ ውይይት መጀመሪያ አንሥቶ ስጠብቀው ነበር።

ወገኖቼ፣ የካንሰርን ስም የሚሰጠው ሥጋው ነው። ኬሞቴራፒ የሚያዘው ሐኪም የሚጠይቀኝ የካንሰሩን ዓይነት፣ ደረጃውን፣ የሆርሞን ተቀባይ እንዳለው ወይም እንደሌለው ነው። ይህን ደግሞ የጥንካሬ ቀለም አይነግረውም። ለጡት እብጠት በወፍራም መርፌ የሚወሰድ የሥጋ ቁራጭ በቀጭን መርፌ ከሚቀዳ ጥቂት ሕዋስ ይሻላል፤ ምክንያቱም ካንሰሩ ከወተት ቱቦው ወጥቶ ዙሪያውን እንደወረረ ወይም እንዳልወረረ የሚታየው የሥጋው አደረጃጀት ሳይፈርስ ሲመጣ ነው። ቀጭኑ መርፌ ለአንገት ንፍፊትና ለእንቅርት ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል።

አልትራሳውንድ ለእኔ ያለው ትልቁ ጥቅም መርፌውን መምራቱ ነው። በዳሰሳ ብቻ ተወግቶ የሚመጣልኝ ናሙና ስንት ጊዜ ደም ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ! በሽተኛዋ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተነሥታ፣ አዳሯን ከዘመድ ቤት አድርጋ፣ «በቂ ሕዋስ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዛ ትመለሳለች። በምስል ቢመራ፣ የበሰበሰውን መሐል ትቶ በዶፕለር ደም የሚታይበትን ሕያው ጠርዝ ቢወጋ ይህ ሁሉ ድካም ባልተደገመ ነበር። ለቲቢ መሐሉ፣ ለካንሰር ጠርዙ። እባካችሁ ይህን የሚሠሩ ልጆች ያንብቡት።

ደግሞም መርፌ ካንሰርን ያሰራጫል እየተባለ የሚወራው ሴቶቻችንን እየገደለ ነው። በጡት ላይ በአግባቡ የተወሰደ ናሙና የበሽተኛዋን ዕድሜ አያሳጥርም። ዕድሜ የሚያሳጥረው መዘግየት ነው።

የእማማ ልጅ

ማይክሮስኮፕ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መርፌ የማይገባበት ቦታም አለ። እናቴ የ60 ዓመት ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በግ ያረቡ። ጉበታቸው ላይ ትልቅ ነገር ተገኘ ተባለ፤ አንድ ቦታ ናሙና እንውሰድ ብለው ሊወጉ ሲዘጋጁ ሌላ ሐኪም ደርሶ ቆይ መጀመሪያ በደንብ ልየው አለ። ትልቁ ከረጢት ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች ተጣጥፈው የንብ ሰፈፍ መስለው ይታዩ ነበር። ሃይዳቲድ ነው አለን። ከውሻ የሚመጣ ትል መሆኑን የሰማነው ያን ዕለት ነው።

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

ያ ሐኪም ይባረክ። የአዘዞዋ፣ ስለ አክስትሽ ልጽፍ ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር፤ የእማማ ልጅ ቀደሙኝ።

በጉበት ላይ አንድ ነገር ሲታይ ከካንሰር በፊት አለመሆኑ መረጋገጥ ያለበት ሃይዳቲድ ነው፤ በተለይ በግና ውሻ አብረው በሚኖሩበት አገር። በጉን በግቢ አርደን በሽታ ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ እንጥላለን፤ ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅ፣ በጎመን፣ በውኃ ወደ ሰው ይገባል። ከረጢቱን ሳያውቁ ቢወጉት ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ሊፈስና በሽታውን ሊዘራ ይችላል፤ በሽተኛውን በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል የአለርጂ ድንጋጤም ሊያስነሣ ይችላል። መርፌ የሚገባበት ሕክምና አለው፤ ግን አስቀድሞ አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ለድንጋጤው ተዘጋጅቶ፣ በሚያውቅ እጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከረጢቱን በአልትራሳውንድ መልኩ ከሲኢ 1 እስከ ሲኢ 5 መድቦታል። 1 ድርብ ግድግዳ ያለው ጥርት ያለ ውኃ ነው። 2 የእማማ ልጅ እንዳሉት ልጅ ከረጢቶች የሞሉበት። 3 ውስጠኛው ሽፋን ተላቆ የሚንሳፈፍበት ነው፤ ልጅ ከረጢት ከጠጣር ጋር ተቀላቅሎ የሚታይበትም አለ። 5 በኖራ የተከበበ። አስቸጋሪው 4 ነው፤ ውኃው ደርቆ ጠጣር ስለሚመስል ከእጢ ጋር ይምታታል። እዚህ ላይ ነው ዶፕለርና የአረፋ ኮንትራስት ዋጋ የሚኖራቸው፤ ሃይዳቲድ ውስጡ ደም አይዞርበትም፤ ካንሰር ግን ደም ይጠጣል።

አረፋው ምንድን ነው? ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ በቀጭን የስብ ሽፋን ተጠቅልሎ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። አረፋዎቹ ከቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያንሱ ሳንባን አልፈው የትም ይደርሳሉ፤ ከደም ሥር ግን አይወጡም። ለጉበት የሚሰጠው 2.4 ሚሊ ሊትር ነው። ማሽኑ አረፋዎቹን እንዳያፈነዳ ጉልበቱ ዝቅ ተደርጎ መርማሪው ሰዓት ይዞ ያያል። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ የደም ቅዳው ደም ይደርሳል፤ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ከአንጀት የሚመጣው ይከተላል፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ ያለው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ሄማንጂዮማ፣ ማለትም ጉዳት የሌለው የደም ሥሮች ክምችት፣ ከጠርዙ እየነጠበጠበ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሐል ይሞላል። ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰር አንዴ በርቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል። የጉበት የራሱ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ደምቆ ይበራል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በዝግታና በመጠኑ ይደበዝዛል። ጉበቱ በሄፓታይተስ ቢ ወይም በጠባሳ የተጎዳ ሰው ላይ ይህ መልክ ሲታይ በጣም ያሳስባል። ስለዚህ አክስትሽ ከማንኛውም ውድ ምርመራ በፊት የሄፓታይተስ ቢና ሲ የደም ምርመራ ያድርጉ። የወፍ በሽታ ይዟቸው ያውቅ እንደሆነም ጠይቂልኝ። በግና ውሻስ?

የአዘዞዋ

በግም ውሻም ሞልቷል። አክስቴ ልጅ ሆነው ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ቅዳሜ ተመልሰው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።

ከፒያሳ

ለምን ሰውን እናደክማለን? በቀጥታ ሲቲ ስካን አይሻልም? አንዴ ከፍሎ ሁሉንም ማየት ነው።

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

ሲቲ የሚሻልበት ቦታ አለ። ቆሽት በአንጀት ጋዝ ይሸፈናል፤ ድምፅ ጋዝንም አጥንትንም አያልፍም። ሳንባ ውስጥ፣ አጥንት ውስጥ፣ በጣም ወፍራም ሰው ሆድ ጥልቅ ውስጥ ያለን ነገር አልትራሳውንድ አያሳይም። ካንሰር መሆኑ ተረጋግጦ የት የት እንደደረሰ ሲፈለግም ሲቲ ይቀድማል። አንድ እብጠት ውኃ ነው ወይስ ሥጋ የሚለውን ለመመለስ ግን ሲቲን የሚያስንቅ አልትራሳውንድ ነው። የሲቲ ኮንትራስት አዮዲን አለው፤ ኩላሊታቸው የደከመባቸውን ያሠጋል። የአረፋው ጋዝ ግን በትንፋሽ ይወጣል፤ ኩላሊትን አይነካም። ከባድ የልብና የሳንባ ሕመም ላለበት፣ ለመድኃኒቱ አለርጂ ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይጠይቃል። በወጣት ጡት ደግሞ ሲቲ ቦታ የለውም። ከ40 ዓመት በላይ ላለች ሴት ማሞግራም ይቅደም፤ አልትራሳውንድ ይከተለው።

የማሽኑ ሐኪም (ባዮሜዲካል ኢንጂነር)

ሁላችሁም ስለ በሽተኛው ጻፋችሁ፤ ስለ ማሽኑ አንድ ሰው ይናገር።

የተራቀቀ ዘዴ የሚባለው ሁሉ የሚቆመው በመመርመሪያው ራስ ላይ ነው። በውስጡ በኤሌክትሪክ ሲነኩት የሚንቀጠቀጡ፣ ድምፅ ሲመለስባቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ በርካታ ቀጫጭን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። አንዴ ወለል ላይ ከወደቀ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ማሽኑ ግን መሥራቱን አያቆምም፤ ምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠቆር ያለ መስመር ብቻ ይኖራል። መርማሪው ይለምደውና ያልፈዋል። ያ መስመር የእጢን ጠርዝ ሊደብቅ፣ ዶፕለርን ሊያዳክም፣ ኤላስቶግራፊን ሊያሳስት ይችላል።

ለማወቅ ምንም ወጪ የለውም። ጄሉን ጥረጉ፣ ራሱን በአየር ላይ ያዙት፣ ምስሉን ተመልከቱ። ከላይ በኩል ተደራርበው የሚታዩት ነጫጭ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጡ ከሄዱ ደህና ነው። መሐል ላይ ክፍተት ካለ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ በራሱ ላይ ከዳር ወደ ዳር ቀስ እያደረጋችሁ አንሸራትቱ፤ ሽቦው የሞተው ክሪስታል ላይ ሲደርስ ምልክቱ ይጠፋል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሠራ። አምራቹ ያልፈቀደውን አልኮልም አትቀቡበት፤ የራሱን ጎማ ይሰነጥቀዋል።

ሌላው ራስ መምረጥ ነው። ለጉበት ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ የሚሰጠው ቆልማማው፣ ለጡት፣ ለእንቅርትና ለንፍፊት ከ7 በላይ የሆነው ቀጥተኛው። ድግግሞሹ ከፍ ሲል ምስሉ ይጠራል፤ ጥልቀቱ ግን ያጥራል። በሆድ ራስ ጡት ተመርምሮ የተጻፈ ሪፖርት አይቻለሁ፤ የጠርዙን ነገር ከዚያ ማንበብ አይቻልም። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑን የሚጠብቅ የኃይል ማረጋጊያ የሌለው ክፍልም ውድ ማሽን ባይገዛ ይሻላል።

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

የማሽኑ ሐኪም ያሉትን አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

የደባርቋ

እኔ አንገቴ ላይ እንቅርት አለብኝ፤ ዓመታት ሆኖታል። በአልትራሳውንድ ሦስት ጓጎሎች አሉ ተብዬ አንዱ 1.2 ሳንቲ ሜትር፣ በቲራድስ (የእንቅርት ጓጎል የጥርጣሬ መለኪያ) 3 ተብሏል። ሁሉም ይወጉ?

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

አይወጉም። ይህ በትክክል የተጻፈ ሪፖርት ነው፤ የጻፈልዎትን ያመስግኑልኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ መመሪያ መሠረት ቲራድስ 3 የሚወጋው 2.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ከ1.5 ጀምሮ ክትትል ይደረግለታል። ቲራድስ 4 ከ1.5፣ ቲራድስ 5 ከ1 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ይወጋል። የእርስዎ 1.2 ከክትትሉም ወሰን በታች ነው። የሌሎቹ ሁለት ጓጎሎች ቁጥርም ይጻፍልዎት። ድምፅ መጎርነን፣ የመዋጥ ችግር ወይም በአጭር ጊዜ ማደግ ከመጣ ግን ቁጥሩን ሳይጠብቁ ይምጡ። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀምዎን አይተዉ፤ ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ይጨምሩት።

ጤና መኮንን ከቆላ ድባ

ከዛሬ ጀምሮ በምጽፈው የሪፈራል ወረቀት ላይ እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ በሽተኛው ከብት ያረባ እንደሆነ፣ የት ውኃ ውስጥ እንደሚገባ፣ ቀድሞ የታከመው ቲቢ ካለ እጽፋለሁ። ራዲዮሎጂስቶች ይህን ታነቡታላችሁ?

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

እናነበዋለን። ሲጎድል ነው የምንቸገረው። «ለአልትራሳውንድ» ብቻ ተብሎ ከተላከ በሽተኛ ይልቅ ሁለት መስመር ታሪክ የያዘው የተሻለ ምስል ያገኛል፤ ምን እንደምፈልግ አውቄ እገባለሁና።

አንድ ተጨማሪ ነገር ለበሽተኞቻችሁ ንገሩልኝ። ለሆድ ምርመራ ከመምጣት በፊት ለስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ምግብ አለመብላት ያስፈልጋል፤ የሐሞት ከረጢት እንዳይኮማተር፣ ጋዝም እንዳይበዛ። በዐቢይ ጾም የሚጾሙ ሰዎች ጠዋት ቢመጡ ሳይቸገሩ ይታያሉ። ከዋዜማው ማታ ባቄላና ሽሮ ባይበዛ ጥሩ ነው። ለማሕፀንና ለእንቁላል እጢ በሆድ በኩል ሲታይ ግን ፊኛ መሙላት አለበት። ጠዋት ጸበል ጠጥተው የሚመጡ እናቶች ሽንታቸውን ሳይሸኑ ቢደርሱ ምስሉ ያምራል።

የሥላሴ ሰፈር እናት

እኔም አንድ ልጠይቅ። የአምስት ወር ልጅ አጠባለሁ፤ ጡቴ ውስጥ ጓጎል አለ፤ ወተት ነው እያሉ ያጽናኑኛል። እስካቆም ልጠብቅ? አልትራሳውንዱስ ወተቱን ይጎዳል?

ማይክሮስኮፕ

አይጠብቁ! ወተት መሆኑ የሚታወቀው ሲታይ ነው።

ራዲዮሎጂስት ከማራኪ

ድምፅ ስለሆነ ወተቱንም ልጁንም አይጎዳም። ከመምጣትዎ በፊት ልጁን ጡት በደንብ ያጥቡት፤ ወተቱ ጎድሎ ጡቱ ሲቀልል ምስሉ ይጠራል። የተጠራቀመ ወተት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአልትራሳውንድ ይለያል፤ በቀጭን መርፌ ሲቀዳም ወተቱ ወጥቶ እብጠቱ ይጎድላል። ቀልቶና አቃጥሎ ትኩሳት ካለ መግል ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ይምጡ። ጠጣር ሆኖ ከተገኘና ናሙና ካስፈለገም እያጠቡ ይወሰዳል። አልፎ አልፎ ወተት በመርፌው ቀዳዳ ለጥቂት ጊዜ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ ይደርቃል። ማጥባቱን ማቆም አያስፈልግዎትም፤ ለሐኪሙ አጠባለሁ ብለው አስቀድመው ይንገሩት።